ለማን ተባለ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን
ከፀጉር ቤቱ፣ በሩ ተዘግቶ

ይድረስ ለማከብርሽ ባለቤቴ፣ ለልጃችን እናት፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እህትሽስ ደህና ናት? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅሽ ስምንት ወር ሙሉ ሳልጠይቅ ስለቆየሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ከጤና በኩል ማለቴ ነው።

ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ልደውልልሽ አስቤ ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን ጀምሬ ተውኩት። ስልክ ላይ ምላሴ ወደለመደበት ይሮጣል። ገና ሰላም ብለሽኝ ሳትጨርሺ አንድ ተረትና ምሳሌ ጣል አደርጋለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን ሲመጣብኝ ማቆም እችላለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ መጥቶብኝ ሰርዤዋለሁ። ቀለሙ ጠቁሮ የምታይው ቦታ እሱ ነው፤ አታንብቢው።

ቤቱ ደህና ነው። የኩሽናውን ቧንቧ አስጠገንኩት፣ አሁን አይንጠባጠብም። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር “መቼ ነው የምትመለሰው?” ትለኛለች። እኔም “እህቷን ትንሽ አሟት ልታስታምም ሄዳ ነው” እላታለሁ። እህትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ “ታዲያ ይኼ በሽታ ሐኪም አላየውም እንዴ?” ብላ ስትጠይቀኝ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ!

መስኮቱ ላይ ካሉት አበቦችሽ ሁለቱ ደርቀውብኛል። ውኃ ረስቼ አይደለም። ቤት ብዙ አልገኝም። የፀጉር ቤቱ ትልቁ ወንበር ወደ ኋላ ሲለጠጥ እንደ አልጋ ይመቻል ብለው ደንበኞቼ ሲነግሩኝ ለማሞገስ ይመስለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ለዚህ ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ብርድ ልብስ አምጥቻለሁ፣ የእጅ መታጠቢያውም ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት መምህርት ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች። አናጢውን እየቆረጥኩ ነበር። ሴት ስትገባ የተቀመጠው ሁሉ ዞር አለ። “ጋሽ ምሳሌ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?” አለችኝ። ሠፈሩ ያወጣልኝ ስም ትምህርት ቤት ድረስ መድረሱን አላውቅም ነበር። ለካ ለተማሪዎቿ መጽሐፍ ልታዘጋጅ ኖሯል፤ የድሮ ሰው ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ዕለት ኑሮው ሁሉ የሚላቸውን ተረትና ምሳሌዎች እየሰበሰበች ነው። ማንን ልጠይቅ ብትል ሦስት ሰው ወደ እኔ ጠቆማት።

ደስታዬን ልደብቅሽ አልችልም። የዚያን ቀን አናጢውን በአንድ በኩል አሳጥሬ በሌላው በኩል ረስቼው ሄዶ፣ ሚስቱ መልሳ ላከችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ራስ ላይ ቆሜ ያወራሁት ነገር በመጽሐፍ ሊወጣ ነው! የመጀመሪያ ሐሳቤ ለአንቺ ልደውል የሚል ነበር። ከዚያ አንቺ ይህን ወሬ እንዴት እንደምትሰሚው አሰብኩና ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

መምህርቷ በየረቡዑ ከትምህርት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትልቅ ደብተሯን ትዘረጋለች። ደብተሩ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አንደኛው ላይ ተረቱ ይጻፋል፣ ሁለተኛው ላይ ትርጉሙ፣ ሦስተኛው ላይ “ለማን ተባለ?” የሚል አለ።

“ይኼ ሦስተኛው ምን ያደርግልሻል ልጄ?” አልኳት።

“ቃሉንማ ከሌላም ሰው አገኘዋለሁ ጋሼ” አለችኝ። “ተማሪዎቼ ሸምድደውት ይመጣሉ። መቼና ለማን እንደሚባል ግን አያውቁም። እርስዎ ደግሞ ተናግረውታል።”

መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታ ነበር። ስለ ስንፍና የሚባለውን ስነግራት “ለማን?” ትላለች፤ በር ከፍቶ ከመሥራት ይልቅ መኪና ሥር ተኝቶ የሚያንቀላፋውን ጋራዥ ያለውን ሰውዬ እነግራታለሁ። ስለ ችኮላ የሚባለውን ስነግራት፣ በሠርጉ ጠዋት መጥቶ ወንበር ላይ መርጋት ያቃተውንና ጆሮውን የጫርኩትን ሙሽራ አነሳላታለሁ። ስለ ስስት የሚባለው ለማን እንደተባለ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሥጋ ሻጩ እስከ ዛሬ አኩርፎኝ ሌላ ቦታ ይቆረጣል። እየሳቀች ትጽፋለች። በሦስት ረቡዕ መቶ አርባ ያህል ሰጠኋት። ስትወጣ ደረቴን ነፍቼ መስታወቱ ፊት እቆም ነበር።

አራተኛው ረቡዕ ላይ “ዛሬ ስለ ሐዘን የሚባሉትን እንያዝ” አለች።

አሥራ አንድ ተከታትለው ወጡልኝ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም። እሷም ዝቅ ብላ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ወደ ላይኛው መለሰችና “እሺ፣ የመጀመሪያው ለማን ተባለ?” አለችኝ።

“ለሚስቴ።”

“ሁለተኛውስ?”

“ለሚስቴ።”

“ሦስተኛው?”

“እሱም ለእሷ።”

ቀና ብላ አየችኝ። “ምን መለሱልዎ?” አለች። ይህን የምትጽፍበት ቦታ ደብተሩ ላይ የለም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ።

“ምንም” አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ነገሩ አልለቀኝ አለ። አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ከልጃችን ቀብር የተመለስን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ፣ “ጫማዬን ማውለቅ አልቻልኩም፣ ካወለቅኩት ወደ ቤት ገባሁ ማለት ነው” አልሽኝ። እኔ ስለ ጊዜ የሚባለውን ነገርኩሽ። ቦርሳዋን ከሆስፒታል ሲሰጡን ማበጠሪያዋን አውጥተሽ በጥርሱ የተያዘውን ፀጉሯን ለብርሃን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። እኔ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ የሚባለውን ነገርኩሽ። አንድ ቀን ደግሞ የክፍሏን በር ከፍተን እንተወው ወይስ እንዝጋው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህ እኮ ጥያቄ ነበር፤ ክፈችው ወይ ዝጊው ማለት ብቻ ነበር። ለእሱም ተረት አገኘሁለት።

ከዚያ ያን ያልሽኝን አልሽኝ። “አንድ ቀን እንኳ የራስህን ቃል አውጣ። ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም።” ስድብም ቢሆን! እኔ ግን አራተኛውን ነገርኩሽና ፀጉር ቤት ልከፍት ወጣሁ። ያን ቀን ማንም ደንበኛ አልመጣም። ባዶ ቤት ውስጥ ንጹሕ መቀስ ስወለውል ዋልኩ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ስጠይቅ የማገኘው አባቴን ነው። ምክንያት ልፈልግ ብዬ አይደለም፣ እንድታውቂው ብቻ ነው። እናቴ ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው አንድ ተረት ተናገረና እንባ ሳያወጣ ተመልሶ ገባ። “እንዴት ያለ ወንድ ነው!” ተባለለት። እኔም ኮራሁበት። ስለ እናቴ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላወራንም። የድምፅዋን ነገር ዛሬ ብትጠይቂኝ፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም አላስታውሰውም።

አሁን የአውቶቡስ ሹፌሩን ነገር ልንገርሽ። ቁጥር ስምንትን የሚነዳው፣ ዘግይተሽ ስትሮጪ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅሽ። ሚስቱ ሞታበታለች። ድንገት ነው፣ ልቧ ነው አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ጢሙ አድጎ፣ ኮሌታው ተጣሞ መጣ። አናጢውና አንድ ጡረተኛ ተራ እየጠበቁ ነበር፤ ሲገባ ሁለቱም ተነሥተው ተራቸውን ሰጡት።

ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ሬዲዮውን አናጢው ዘጋው። ሁሉም የሚጠብቁት እኔን እንደሆነ ገባኝ። ሹፌሩም በመስታወቱ ውስጥ አየኝና፣

“በል እንጂ ጋሽ ምሳሌ” አለኝ። “ለእኔ የሚሆን ምን አለህ?”

ነበረኝ። የትኛው እንደሆነም አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ የመምህርቷ ደብተር መጣብኝ፤ ይህን ብናገር ረቡዕ ዕለት “ለማን ተባለ?” ስትለኝ የዚህን ሰውዬ ፊት ማንሣቴ ነው።

“ምንም የለኝም” አልኩት።

ጡረተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ መናገር ያቃተኝን ቀን አይተው አያውቁም። ከዚያ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ “እንዴት ያለች ሰው ነበረች?” አልኩት።

አስቀየምኩት ብዬ ነበር። ማበጠሪያውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ።

“ስትስቅ ታስነጥስ ነበር” አለኝ።

“ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ። በሠርጋችን ቀን ፎቶ አንሺው ሰለቸው። አንድም ዓይኗን የከፈተችበት ፎቶ የለንም።”

ከዚያ ቀጠለ። ከዳቦ ውስጥ የምትወደው ዳሩን ብቻ እንደሆነ፣ መሐሉን ለእሱ እያስቀረች ሃያ ስድስት ዓመት እንደኖሩ። በረኪና የነካው እጇ ምን ይሸት እንደነበር። ሥራ ሲገባ በኋለኛው በር ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብራው ትሄድና ምንም ሳትለው ትወርድ እንደነበር። እኔ “ከዚያስ?” እያልኩ እጠይቃለሁ። ፀጉሩን ጨረስኩ። ጢሙን ላጨሁት። ቅንድቡን አስተካከልኩ፣ የጆሮውን ፀጉር አነሣሁ። የሚቆረጥ ነገር ሲጠፋ ተነሥቶ እንዳይሄድ ብዬ መቀሱን ባዶ አየር ላይ ቅጭ ቅጭ አደርግ ጀመር። አናጢው አይቶኛል። ከተራ ጠባቂዎቹ አንድም ሰው ሰዓቱን አላየም።

ሹፌሩ ሲነሣ እጄን ያዘኝ። “ከቀብሩ ወዲህ ሁሉም ‘በርታ’ ይለኛል” አለኝ። “ስለ እሷ የጠየቀኝ ግን የለም።” ይህን ብሎ ወጣ።

አናጢውም ጡረተኛውም ያን ቀን ሳይቆረጡ ሄዱ። እኔ የወደቀውን ፀጉር ጠረግኩ። ጠርጌ ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጃችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለ እሷ ጠይቄሽ አላውቅም። አንቺ እንድታወሪ እንኳ አፍ አልሰጠሁሽም። ልትጀምሪ ስትይ እኔ እደመድመዋለሁ።

ከአሥራ አንዱ ተረቶች አንዱ ግን ለአንቺ አልተባለም። መምህርቷ ስትጠይቀኝ “ይኼን አላስታውስም” ብዬ ዋሸኋት። ላንቺም እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። አሁን ልጻፈው፣ እጄ ሳይመለስ።

ልጃችን ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት፣ ሆስፒታል ነው። አንቺ ልብሷን ልታጥቢና ትንሽ ልታርፊ ቤት ሄደሽ ነበር። ፀጉሯ ትራሱ ላይ እየተቋጠረ አስቸግሯታል፤ “አባዬ፣ ቁረጥልኝ” አለችኝ። ትንሿን መቀስ ኪሴ ይዤ ነበር። ደግፌ አስነሥቼ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ነጭ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደ ወረቀት ቀልላ። መጀመሪያ ትቀልድ ነበር፤ “ጋሽ ምሳሌ፣ ጆሮዬን አደራ፣ እንደዚያ ሙሽራ እንዳታደርገኝ” አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ፀጉሯ ለስላሳ ነበር፣ ሕፃን ሳለች እንደነበረው።

እዚያ መስታወት የለም። ፊቴን ማየት አትችልም። ለዚያ ይመስለኛል የጠየቀችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አባዬ፣ አንተ ትፈራለህ?” አለችኝ።

ስለ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቄያለሁ። ግራ እጄ አናቷ ላይ ነበር። እኔም ስለ ጀግንነት የሚባለውን አንዱን ነገርኳት። ጥሩ ነው፣ ደንበኞች የሚወዱት ነው።

“እሺ አባዬ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ውኃ እንኳ የምትጠይቀው አንቺን ነበር።

የምመልስላት ነገር እኮ አጭር ነበር። እፈራለሁ ልጄ። በጣም እፈራለሁ። ይኼው ነው። ይህን ብላት ኖሮ ምናልባት “እኔም” ትለኝ ነበር፤ ሁለታችንም እዚያ መስኮት ሥር አብረን እንፈራ ነበር። እጄን አናቷ ላይ አድርጌ ቆሜ፣ ብቻዋን ተውኳት።

ባለፈው ረቡዕ መምህርቷ ስትመጣ ደብተሩ ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ እንድትገልጠው ጠየቅኳትና “ለልጄ” አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ጋሼ፣ ከፈለጉ ይቅር፣ አንጽፈውም” አለችኝ። “ጻፊው” አልኳት። “ለልጄ ተባለ፣ መባል አልነበረበትም ብለሽ ጻፊው።” እጇ እየዘገየ ጻፈችው። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ ብዙ ሰዓት አብራኝ ተቀመጠች። ስለ መጽሐፉ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም።

ይህን የጻፍኩልሽ ይቅር እንድትይኝ ብዬ አይደለም። አንቺ ከዚያ ቤት የወጣሽው ስለጠላሽኝ ነው ብዬ ስብሰለሰል ከርሜ ነበር። አሁን ሳስበው የወጣሽው የሚሰማሽ ሰው ፍለጋ ይመስለኛል። እህትሽ ስለ ልጃችን ታወራሻለች? ካወራችሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ክፍሏ ውስጥ ሁለታችሁ ስትሳሳቁ እሰማችሁ ነበር። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሳለሁ ጀምሮ ይሰማኛል። በሩ ጋ ስደርስ ዝም ትላላችሁ። ከገባሁ አንድ ነገር ተናግሬ እንደማበላሸው ታውቁ ነበር፣ አልቀየምም። ምን ነበር እንደዚያ የሚያስቃችሁ? ስለ እኔ ከሆነም ንገሪኝ። ትምህርት ቤት ስለነበረው ልጅ የምትነግርሽን፣ እኔ ስደርስ ሁሌ የሚቋረጠውን ወሬ ንገሪኝ። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ስትፈራ ነግራሽ ታውቃለች? ምን አልሻት? አንቺ ጥሩ ነገር እንዳልሻት አውቃለሁ። ግን ቃሉን መስማት እፈልጋለሁ።

እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ እናንተ ከተማ እመጣለሁ። እህትሽ ቤት አልመጣም፣ ሰው ፊት አላስጨንቅሽም። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበሮች አሉ። እዚያ እቀመጣለሁ። የመመለሻዬ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከመጣሽ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ማውራት ካልፈለግሽም አብረን ዝም እንላለን። ጉልበትሽ ካመመሽ ወይም ልብሽ ካልፈቀደ አትምጪ፤ እኔ እዚያው ውዬ እመለሳለሁ፣ በሚቀጥለውም እሁድ እመጣለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የምታድሪበትን ቤት ሰላም ያድርግልሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ። የምትጠሪው ሰው በጠራሽው ቁጥር አቤት የሚልሽ ይሁን።

ባልሽ

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አስታወስኩ፦ ዛፉ ሥር ካሉት ወንበሮች አንደኛው እግሩ ተሰብሯል። እኔ ወደ ግድግዳው ባለው፣ ጥላ ባለው ላይ እሆናለሁ። በግራ በኩል ቦታ እተውልሻለሁ፤ ደህና የሚሰማኝ ጆሮዬ በዚያ በኩል ነው።